አልጠላም ባዩ ዕጩ

እሑድ፣ ጃንዋሪ 17፣ 2010

ይህን ደብተር ልጄ ሳሌም ናት ለገና የሰጠችኝ። «ዳዲ፣ የምታስበውን ጻፍበት» አለችኝ። የማስበው ብዙ ነገር ስለሌለ እስካሁን ባዶውን ተቀምጦ ነበር። ዛሬ ግን የሚጻፍ ነገር አለ፤ እኔን ብዙም የሚመለከተኝ ባይሆንም።

የዕድራችን ሊቀመንበር ተክለሃይማኖት ከነቤተሰቡ ወደ ዳላስ ሊሄድ ነው። ዛሬ አሌክሳንድሪያ በምንከራየው አዳራሽ ቆሞ ነገረን። ለቀቅሁ የሚለው ቃል ግን ካፉ አልወጣም፤ «ለጊዜው ወጣ ብዬ ልይ» ነው ያለው። ቤቱን ሸጦ፣ ልጆቹን እዚያ ትምህርት ቤት አስመዝግቦ፣ ለጊዜው ወጣ! ለማንኛውም ወንበሩ ባዶ ሆነ፤ ፌብሩዋሪ 7 ማሟያ ምርጫ ይደረጋል። የዛሬው ጥቆማ ብቻ ነበር።

አስመራጩ አባባ ኃይለልዑል ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ሲናገሩ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ተነሥተው «እኔ ገብረየስን እጠቁማለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወንበር የደረደረ፣ ሰው ሲሞት ለሁላችን የደወለ እሱ ነው» አሉ። ልቤ ዘለለ አልልም። ተነሥቼ «ኧረ እኔ አልበቃም፤ ከኔ የተሻለ ሰው አይጠፋም» አልኩ። ሰው ሲጠቆም የሚለው ይህንኑ ነው። ከዚያ ሰዉ «ኧረ በፍጹም!» ይላል፤ ተጠቋሚው አንድ ሁለቴ ይለመናል፤ በሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ ይቀመጣል። ይህን የማያውቅ ሰው የለም።

አባባ ኃይለልዑል «ኧረ» ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ በሩ ተበረገደና አንዱ «ብርማ ካምሪ ያላችሁ! ሊጎትቱት ነው!» ብሎ ጮኸ። የአዳራሹ ግማሽ ሮጦ ወጣ። እኔም ወጣሁ፤ የኔም ብርማ ካምሪ ነው። የማን እንደሆነ እስኪጣራ ሩብ ሰዓት ሄደ፤ ለካስ የጎረቤት ሰው መኪና ነው። ስንመለስ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ተጠቁማ ቆማለች። «እሺ፣ በደስታ። እፈልገዋለሁ» አለች። እንዲሁ በግላጭ። እፈልገዋለሁ! እኔ ስለ እሷ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

የዓለምዘርፍ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ናት፤ ቤት ታሻሽጣለች። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል የሚባለው ለሷ ነው። ፎቶዋ ያለበት የቀን መቁጠሪያ የኛ ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል። ወተት ላወጣ በሄድኩ ቁጥር ፈገግ ትልብኛለች።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 19

እስካሁን ማንም አልደወለም። ይደውሉልኝ ማለቴ አይደለም።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 21

ቃለ ጉባኤው በኢሜይል መጣ። ጸሐፊው ጉንፋን ይዞት ስለቀረ የያዘችው ሳሌም ናት፤ ከወጣቶቹ መካከል አማርኛ በኮምፒውተር የምትጽፍ እሷ ብቻ ስለሆነች። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔው ነኝ። ተራ ቁጥር ሦስት እንዲህ ይላል፦ «አቶ ገብረየስ ተጠቁመው ጥቆማውን አልተቀበሉም።» በቃ፣ አራት ነጥብ።

ዶርም ደወልኩላት።

«ሳሌሜ፣ ተራ ቁጥር ሦስት ላይ ትንሽ ስህተት የለም?»

«ዳዲ፣ አልበቃም አልክ። ዩ ሴድ ኖ። ሶ ኖ ብዬ ጻፍኩ።»

«አልበቃም ማለት እኮ አልፈልግም ማለት አይደለም።»

«ታዲያ ምን ማለት ነው?»

ለምኑኝ ማለት ነው ልላት አልቻልኩም። «ተይው» አልኳት።

ባለቤቴ ውብነሽ ሶፋው ላይ ሆና ትሰማ ኖሯል። «ምርጫውን ፈልገኸው ነው እንዴ?» አለችኝ። «ኧረ እኔ ምን አገባኝ!» አልኩ። «እንግዲያስ ጥሩ» ብላ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገችው። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ እኔ ምን አገባኝ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ አታውቅም?

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 25

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እንግዲህ እውነቱን ለደብተር ከተናገርኩ ማንም አይሰማኝም።

ባለፈው ኖቬምበር አቶ ሀዲስ ስካይላይን ሰፈር ካለው አፓርታማው ሞቶ ሦስት ቀን ማንም ሳያውቅ ቆየ። ብቻውን ነበር የሚኖረው። የዕድር አባል ነበር፤ ግን ዕድር ሰውን የሚያውቀው ከሞተ በኋላ ነው። አስከሬኑ አገር ቤት ይሂድ ሲባል ሁሉ ነገር ባንድ ቀን ተሟላ። እኔ ለዘጠና ሰው ደወልኩ። በሕይወት ሳለ ግን ለሀዲስ አንድ ቀን «እንዴት አደርክ?» ብዬ አልደወልኩም። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ይህ ነገር ይቆረቁረኛል፤ ይቆረቁረኛል ብቻ ሳይሆን ያሳፍረኛል።

ሊቀመንበር ብሆን፣ ማለትም አንድ ደህና ሰው ሊቀመንበር ቢሆን፣ ብቻቸውን ለሚኖሩት አባሎች ሁሉ በየሳምንቱ የሚደወልበት ተራ ያወጣ ነበር። አሥራ ሰባት ናቸው፤ ስማቸውን ጽፌ ይዣለሁ። ሐሳቡን ለተክለሃይማኖት ሁለቴ ነግሬዋለሁ። «ድንቅ ሐሳብ ነው፣ አጀንዳ እናስይዘዋለን» አለኝ። አጀንዳው ዳላስ ሄደ።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 31

ሳሌም ልብሷን ልታጥብ መጣች። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው የምታጠናው፤ የምርምር ጽሑፏ ደግሞ፣ ይገርማል፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ፓርላማ ይደረጉ ስለነበሩ ማሟያ ምርጫዎች ነው። «የኛን ዕድር አይተሽ ነው?» አልኳት። «ኖ ዳዲ፣ ኮኢንሲደንስ ነው» አለች።

እራት ላይ አጫወተችን። አንድ የምክር ቤት አባል ሲሞት ወይም ወንበሩን ሲለቅ እዚያው አውራጃ ለብቻው ይመረጣል። ያኔ ድምፅ በምስጢር አይሰጥም፤ እስከ 1872 ድረስ መራጩ ሰው ፊት ቆሞ «እኔ እገሌን» ይላል፣ ጸሐፊውም በመዝገብ ይጽፈዋል። ማን ለማን እንደሰጠ ባለርስቱም ባለሱቁም ያውቃል። ተወዳዳሪዎቹ ደግሞ ለመራጩ ቢራ ይቀዳሉ፣ ሩቅ ያለውን በሠረገላ ያስመጣሉ።

«አፈር አይብሉም?» አልኩ። «በሠረገላ ሰው አስመጥቶ መመረጥ!»

«የፈለጉ ሰዎች ናቸዋ» አለች ውብነሽ፣ ሰላጣ እየጨመረችልኝ። «ያልፈለገማ ቁጭ ብሎ ሰላጣ ይበላል።»

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 6

በረዶ። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። መኪናው የለም፤ ጉብታ ብቻ ነው የሚታየው። የነገው ምርጫ ቀረ፤ ለማርች 21 ተላልፏል። አባባ ኃይለልዑል ራሳቸው ደውለው ነገሩኝ። ስድስት ሳምንት! ስድስት ሳምንት ውስጥ ሰው አሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ስለ ሌሎች ነው የምለው።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 11

የፌርፋክስ ትምህርት ቤቶች ዝግ ስለሆኑ የምነዳው የተማሪ አውቶቡስም ቆሟል። ሳምንቱን ሙሉ ከውብነሽ ጋር ስፕሪንግፊልድ ቤታችን ታፍነናል። ጾሙም ገብቷል።

ዛሬ «ሻይ ትፈልጋለህ?» አለችኝ።

«አልጠላም።»

ማንቆርቆሪያዋን መልሳ አስቀመጠችው። «ገብረየስ፣ ሻይ አለ፣ ቡና አለ፣ ጁስ አለ። አንዱን ውደደው ወይም አንዱን ጥላው።»

«ያለውን ስጪኝ።»

«ሁሉም አለ እኮ ነው የምልህ!»

በመጨረሻ ሙቅ ውኃ ጠጣሁ። ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ፤ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። ፍሪጁ ላይ የየዓለምዘርፍ ፎቶ ፈገግ እንዳለ ነው። ውብነሽ ለሷ ደውላ «እኔ ድምፄን ላንቺ ነው የምሰጠው፤ ያልፈለገ ሰው አልመርጥም» ብላታለች። እኔ እየሰማሁ!

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 20

ዛሬ ያደረግኩትን ለመጻፍም አፍራለሁ፤ ግን ልጻፈው።

ሳሌምን ዶርም ላደርሳት ስሄድ መንገድ ላይ ቀስ ብዬ «ያ ተራ ቁጥር ሦስት... አልተቀበሉም የሚለውን እያሰቡበት ነው ብታደርጊው ማን ያውቃል?» አልኳት። የወንዙን ድልድይ እስክንሻገር ድረስ የቦርሳዋን ዚፕ ስትከፍት ስትዘጋ ቆየች። ከዚያ «ዳዲ፣ ዛት ኢዝ ፎርጀሪ፤ ማጭበርበር ነው» አለች፣ በቀስታ። እሑድ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት እየወሰድኩ አትዋሺ ያልኳት እኔ ነኝ። መሪውን ይዤ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ስትወርድ ጉንጬን ስማ «ኢፍ ዩ ዎንት ኢት፣ ጀስት ሴይ ሶ» አለች፤ ከፈለግከው እፈልጋለሁ በል ማለቷ ነው። ለነሱ ቀላል ነው። ለነሱ አፍ ለመናገር የተፈጠረ ነው።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 28

ሳሌም ስልክ ደውላ ስለ እንግሊዞቹ አንድ ነገር ነገረችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ብቻዬን እስቃለሁ። ለካስ የፓርላማ አባል ለቀቅሁ ማለት አይችልም ነበር። ሕጉ አይፈቅድም። ታዲያ መውጣት የፈለገ ምን ያደርጋል? ቺልተርን የሚባሉ ኮረብቶች አሉ፣ ድሮ ሽፍታ ይበዛባቸው ነበር አሉ፤ የነሱ ጠባቂ ሆኖ እንዲሾም ይጠይቃል። ሹመቱ ለስሙ ነው፤ ሽፍታም የለ፣ ሥራም የለ። ግን የዘውድ ሹመት የያዘ ሰው ፓርላማ መቀመጥ ስለማይችል ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ ማሟያ ምርጫም ይጠራል። አለቀ!

እነዚህ ሰዎች እኛን ይመስላሉ እኮ። እነሱ ወጣሁ ለማለት ኮረብታ ይጠብቃሉ፤ ተክለሃይማኖት ወጣ ብዬ ልይ ይላል። ለመግባት ግን ኮረብታ ያላቸው አይመስለኝም። ገባሁ ማለት ለሚከብደው ሰው ያዘጋጁት ነገር ይኖር እንደሆን ብጠይቃት «ኖ ዳዲ፣ ለመግባት መናገር ነበረባቸው» አለችኝ።

እሑድ፣ ማርች 7

አባባ ኃይለልዑልን ልጠይቅ ስካይላይን ሄድኩ፤ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ናቸው የሚኖሩት። የሄድኩት ለጤንነታቸው ነው። ከጤንነታቸው በኋላ ስለ በረዶው፣ ከበረዶው በኋላ ስለ ጾሙ፣ ከጾሙ በኋላ ስለ አሳንሰሩ ተጫወትን። ለመሄድ ልነሣ ስል «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» አልኳቸው።

«የቱ ነገር?»

«ያ... የምርጫው። ሰዎች አንዳንድ ነገር ሲሉ እሰማለሁ። ገብረየስ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ይላሉ አሉ።»

«እነማን ናቸው የሚሉት?»

መስኮቱን አየሁ። ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጡት። መነጽራቸውን አድርገው የዕድሩን ደንብ አወጡና አንቀጽ አሥራ አራትን አነበቡልኝ፤ ጥቆማ ያልተቀበለ ሰው አሳቡን ከለወጠ በምርጫው ዕለት በጉባኤው ፊት «በራሱ አንደበት ፍላጎቱን ይግለጽ» ይላል።

«አባባ፣ እርስዎ ቢሉልኝስ? ልጁ እሺ ብሏል ብለው...»

«የኔ ልጅ፣ የራሱ አንደበት የሚለው የኔን አይደለም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም?»

እኔ የለመድኩት ዝም አይነቅዝም የሚለውን ነበር።

ዓርብ፣ ማርች 12

በሁለት ዙር መካከል፣ ባስ ውስጥ። ልጆቹ ወርደዋል። የተኛ ልጅ እንዳይቀር እስከ ኋላ ሄጄ ማየት ደንብ ነው፤ እግረ መንገዴን ለባዶ ወንበሮቹ ተለማመድኩ። አንደኛው ረድፍ ላይ፦ «ጉባኤው ከፈቀደ።» አምስተኛው ላይ፦ «ከተፈለግኩ።» ዘጠነኛው ላይ፦ «ብትመርጡኝ አልጠላም።» የኋላው በር ደረስኩ፤ ከዚያ ወዲያ ወንበር የለም። እፈልጋለሁ የሚለው ቃል አልመጣም። ለሌላ ነገር እለው ይሆን ብዬ «ምሳ እፈልጋለሁ» አልኩ። እሱም እንግዳ ሆነብኝ።

ደወል ሊደወል ነው፤ መሄድ አለብኝ።

ረቡዕ፣ ማርች 17

የዓለምዘርፍ የሲልቨር ስፕሪንግን ሰው ለማምጣት ሁለት ቫን ይዛለች። የጾም በየዓይነቱም ታመጣለች፣ ለሰባ ሰው። ሠረገላውም ቢራውም መጣ ማለት ነው፤ ቢራው ሽሮ ከመሆኑ በቀር። እነዚህ ከወንዙ ድልድይ ማዶ ያሉት ለቀብር እንኳ «ቤልትዌይ መንገዱ ተጨናንቋል» የሚሉ ናቸው። አሁን አልተጨናነቀም።

ለውብነሽ ነገርኳት።

«አንተም ባስህን አምጣ» አለች።

«የመንግሥት ንብረት!»

«ምን አበሳጨህ ታዲያ? አንተ እንደሁ አትወዳደር።»

ቅዳሜ፣ ማርች 20

ሱፉን ሰቀልኩት። የገዛሁት ለፋሲካ ነው። ነገ የምለብሰው ልኩ ይታይ ብዬ ነው። ጫማም ጠረግኩ። ጸጉሬንም ተስተካከልኩ። ውብነሽ እያየች ሰላጣ ከተፈች፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል።

እሑድ፣ ማርች 21

ከቤት ሳንወጣ ሱፉን ለብሼ አወለቅኩ። መልሼም ለበስኩ። ውብነሽ «እንቅር?» አለችኝ። «አይ፣ ወንበር የሚደረድር የለም» አልኩ።

ስልሳ ስድስት ሰው መጣ። ወንበሮቹን የደረደርኩት እኔ ነኝ፣ በአዲሱ ሱፍ። ቫኖቹ ሲደርሱ ድልድይ ማዶዎቹ እየሳቁ ገቡ፤ በየዓይነቱ ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ፤ ሽታው እንኳን ጿሚውን ጾሙን የፈታውንም ይጠራል። ሳሌም ፊት ለፊት ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀምጣለች፤ ጸሐፊው ዛሬ ደግሞ ወገቡን አሞታል።

አባባ ኃይለልዑል አንቀጽ አሥራ አራትን አንብበው «አሳቡን የለወጠ አለ?» አሉ። ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። እግሬ ተነሣ፤ እኔ አስነሣሁት ለማለት አልደፍርም።

«እንግዲህ... ጉባኤው ከፈቀደ... ሰዉ ካለ... አልጠላም» አልኩ።

«ይህ በደንቡ በቂ አይደለም» አሉ አባባ።

አንዱ ከኋላ ሳቀ። ሳሌም ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አድርጋ ቀና አለች። «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ፤ ዳዲ አላለችኝም፣ ጸሐፊ ናትና። በሩን አየሁት። ብርማ ካምሪ ያላችሁ የሚል አልነበረም።

«እፈልገዋለሁ ብለሽ ጻፊ» አልኩ።

ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። ከዚያ ማቆም አቃተኝ። «እፈልገዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ፈልጌዋለሁ። ሀዲስ ሦስት ቀን ሞቶ ሲቀር ለዘጠና ሰው የደወልኩት እኔ ነኝ፤ ለሱ ግን ደውዬለት አላውቅም። ብቻቸውን የሚኖሩ አሥራ ሰባት ሰዎች አሉን። በየሳምንቱ እንዲደወልላቸው እፈልጋለሁ።» ስማቸውን ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩ። አባባ ኃይለልዑል ስማቸውን አራተኛ ላይ ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔም ላቤ በአንገቴ ሲወርድ ተሰማኝ፤ ሱፉ ለፋሲካ አይሆንም።

ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። ሁለታችን ፊት ለፊት ቆምን። «ለአቶ ገብረየስ» ሲባል ከሁሉ በፊት የወጣው እጅ የውብነሽ ነበር፤ ለየዓለምዘርፍ ቃል የገባችው ውብነሽ። እጇ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከሷ በኋላ የነማን እንደወጣ በደንብ አላየሁም፤ ዓይኔ እዚያው ቀረ።

ሠላሳ አንድ ለሠላሳ ሦስት ተሸነፍኩ። የዓለምዘርፍ እጄን ጨብጣ «አቶ ገብረየስ፣ የስልኩን ነገር እንጀምረዋለን፤ እርስዎ ይይዙልኛል?» አለችኝ። ደህና ሰው ናት፤ እስካሁን ባለመጻፌ ይቅር ትበለኝ። «እይዘዋለሁ» አልኩ። ከሽሮውም በላሁ፤ ጣፋጭ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ውብነሽ አልቀለደችብኝም። ይህ አስፈራኝ። በራችን ላይ መኪናውን አቁሜ ቁልፉን ነቀልኩ። አልወረደችም።

«አጎትህ ሽማግሌ ሆነው የመጡ ቀን» አለች ፊት ለፊት እያየች፣ «አባቴ ልጁስ ራሱ ይፈልጋታል ወይ? ብሎ ጠየቀ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። አጎትህ ምን እንዳሉ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«አይጠላም።»

አጎቴን ምን ብለው ይንገሩ እንዳልኳቸው አስታወስኩ። ቃሉ የሳቸው አልነበረም፤ የኔ ነበር።

«ሃያ ሦስት ዓመት» አለች። «ዛሬ ለዕድር ስትለው ስሰማ ይህ ሰው ቃሉን ያውቀዋል ለካ፣ አልኩ።» ልትስቅ ፈልጋ አልሆነላትም።

ቁልፉን በእጄ አገላበጥኩ። ከስልሳ ስድስት ሰው ፊት ይልቅ ይህ ከበደኝ።

«እፈልግሽ ነበር» አልኩ። «ያኔም። አሁንም እፈልግሻለሁ።»

ዞር ብላ መስኮቱን አየች።

«መንገዱ ይጮኻል» አለች፤ «አልሰማሁህም።»

መኪናው ቆሟል፤ ሞተሩ ጠፍቷል፤ በሰፈሩ አንድ ሰው አይታይም።

ደገምኩላት።